የሂዩይ አረንጓዴ ከየትኛው ጠርሙስ ይወጣል?

ወታደራዊ ሄሊኮፕተር በሞዴል የሚሠራ ሰው ዋና ጣጣው አረንጓዴ ነው። የዘመኑን ተዋጊ ጀት የሚሠራው ግራጫውን ነፍቶ ይገላገላል። ለእኛ ግን ስንት ዓይነት አረንጓዴ አለ! ወደ ቡናማ የሚያደላ አለ። ጥቁር ለመሆን ትንሽ የቀረው አለ። ፀሐይና አቧራ ተጫውተውበት ግራጫ የመሰለም አለ። ጠርሙሱ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ሁሉም «ኦሊቭ ድራብ» ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ዛሬ የምገመግመው ከጠረጴዛዬ የማይጠፉትን ሦስት የቀለም ዓይነቶች ነው። ሁለቱ የጃፓን ናቸው፤ ታሚያ አክሪሊክ እና ሚስተር ሆቢ አኩየስ። ሦስተኛው የስፔኑ ቫሌሆ ነው። የፈተንኳቸው በሦስት ሄሊኮፕተሮች ላይ ነው፦ በቬትናም ዘመኑ ሂዩይ፣ በአፓቺ እና በሶቪየቱ ሚ-24። የትኛው ቶሎ ይደርቃል፣ የትኛው ይሸታል የሚለው ትንሹ ጉዳይ ነው። እኔ የፈለግኩት የትኛው ልክ የሆነውን አረንጓዴ እንደሚሰጠኝ ማወቅ ነው።

ፍርዴን ላስቀድም። አንደኛ ታሚያ ነው። ስለ ወታደራዊ የቀለም ቁጥር ከሦስቱ ሁሉ ግድ የሌለው እሱ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ምክንያቴ ቀላል ነው። የሄሊኮፕተር ቀለም ገዝታችሁ ብቻ አታገኙትም፤ መደባለቅ አለባችሁ። ታሚያ ደግሞ ሲደባለቅ አያስቸግርም።

መጀመሪያ ግን ስለ ቁጥሩ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። የአሜሪካ መንግሥት ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌደራል ስታንዳርድ 595 የሚባል የቀለም መለያ ነበረው። በ2017 እ.ኤ.አ. በሌላ ስታንዳርድ ተተክቷል። ሞዴል ሠሪው ግን አሁንም ኤፍኤስ እያለ ነው የሚጠራው። ቁጥሩ አምስት አሃዝ አለው። የመጀመሪያው ስለ ወዙ ይናገራል፤ 1 ከሆነ ያብረቀርቃል፣ 2 ከሆነ መካከለኛ ነው፣ 3 ከሆነ ደብዛዛ ነው። ሁለተኛው አሃዝ የቀለሙ ወገን ነው፤ 4 አረንጓዴ፣ 6 ግራጫ። የቀሩት ሦስቱ የድምቀቱ ናቸው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀለሙ ይጠቁራል።

የቬትናም ዘመን የአሜሪካ ጦር ሂዩይ ኦሊቭ ድራብ 34087 ነው። አፓቺና ሌላው የአሜሪካ ሄሊኮፕተር ብላክ ሆክ የሚታወቁበት ጠቆር ያለ አረንጓዴ 34031 ነው። እንግዲህ አንድም ጠርሙስ ሳትከፍቱ ሁለቱም ደብዛዛ አረንጓዴ እንደሆኑ፣ አፓቺው ደግሞ ከሂዩይ እንደሚጠቁር አወቃችሁ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ቁጥሩ ጠቃሚ ነው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። 34087 ራሱ ስታንዳርዱ በታተመ ቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ አልቆየም። ሁለት ሰዎች ሁለት እትም ይዘው በአንድ ቁጥር ሊጣሉ ይችላሉ፤ ሁለቱም እውነት ይዘው። ቬትናም ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆመ፣ ቀይ አቧራ እያስነሳ የሚያርፍ ሄሊኮፕተር ደግሞ የትኛውንም እትም አይመስልም። ፎቶ ላይ ያለውን እናምስል ብትሉም ፊልሙ ቀለም ይለውጣል፣ ስካኑ ይለውጣል፣ የስልካችሁ ስክሪንም የራሱን ይጨምርበታል።

አንድ ጊዜ «የአሜሪካ ጦር ሄሊኮፕተር» ተብሎ በስብስብ የታሸገ ቀለም ገዝቼ ነበር። የአምራቹን ስም ተዉት። ክዳኑ ላይ 34031 በጉልህ ተጽፏል። ሲደርቅ የወጣው ግን ቡናማ ነው። አጠገቡ ጥርት ያለ ቡናማ ካላስቀመጣችሁ በቀር አረንጓዴ ነው ብሎ የሚያምናችሁ የለም። ክዳን ላይ ቁጥር መጻፍ ማንንም አያቅተውም።

የንጽጽር ሠንጠረዥ የሚባለውም እንዲሁ ነው። የዚህ ኩባንያ እገሌ ቁጥር ከዚያ ኩባንያ እገሌ ቁጥር ጋር እኩል ነው ይላል። እኩል ሲል የሚቀርበው ማለቱ ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስትሻገሩ ትንንሾቹ ልዩነቶች ተደምረው ሌላ ቀለም ላይ ያደርሷችኋል። በዚህ ረገድ የጀርመኑ ሬቭል መመሪያዎች ያስደስቱኛል። የራሱን ቀለሞች በመቶኛ እንድትደባልቁ ያዛል፤ ከዚህ 75፣ ከዚያ 25 እያለ። ብዙ ሰው በዚህ ይማረራል። እኔ ግን ቢያንስ እውነቱን ነግሮናል እላለሁ፦ ቀለሙ በአንድ ጠርሙስ የለም፣ ቁጭ ብላችሁ ደባልቁ።

ወደ ግምገማው። ከሚስተር ሆቢ ልጀምር፤ ለሂዩይ አጭሩ መንገድ እሱ ነውና። ኤች 304 የሚባለው ጠርሙስ ለ34087 ተብሎ የተሠራ ነው። በኤርብራሽ (ቀለምን በአየር በሚነፋው መሣሪያ) ሲነፋ ስስ ሆኖ ይቀመጣል። የፓነል መስመሩንና ሪቬቱን (የአካሉን መጋጠሚያና የምስማር ራስ) አይደፍነውም። ሙሉ በሙሉ ደብዛዛ ሆኖ አይደርቅም፤ ትንሽ ወዝ አለው። ይህን የሚጠላ ሰው አለ። እኔ ወድጄዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ደብዛዛ ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለው ሽፋን፣ መንፋቴ ስለማይቀር። ለውስጡ ኤች 317 አለ። 36231 የሚባለው ግራጫ ነው፣ ለሂዩይ ኮክፒት (ለአብራሪዎቹ ክፍል) እሱን ነው የምጠቀመው።

በነገራችን ላይ የሂዩይን ውስጥ ስትቀቡ ከአብራሪዎቹ ራስ በላይ ያሉትን ሁለት መስኮቶች እንዳትረሱ። አረንጓዴ መስታወት ናቸው። ኪቱ (የሞዴሉ ስብስብ) ውስጥ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ሆነው ከመጡ የታሚያን ኤክስ-25 ክሊር ግሪን በስሱ ማልበስ ነው። ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ሞዴሉን ከላይ የሚያይ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ኤች 304 ያለውን ሁሉ ካመሰገንኩ በኋላ የሚቀረኝ አንድ ነገር ነው። እሱ አንድ ሂዩይ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፤ አዲስ ሂዩይ። ሁለት ዓመት ፀሐይ የመታውን ከፈለጋችሁ ወይም አፓቺ ልሥራ ካላችሁ ወደ መደባለቁ መመለሳችሁ አይቀርም። ደስ የሚለው ሚስተር ሆቢ አኩየስና ታሚያ አክሪሊክ ተግባብተው ይደባለቃሉ። አንዱን ገዝታችሁ ሌላውን መጣል የለባችሁም።

ታሚያ ጋ ደረስን። ኦሊቭ ድራቡ ኤክስኤፍ-62 ነው። በቀጥታ ከጠርሙሱ ሲነፋ ጠቆር ብሎ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታንክና ጂፕ የሚሆን ቀለም ነው። ለሄሊኮፕተር እንዳለ አልጠቀምበትም። ግን ለቅይጥ እንደ እሱ ያለ መነሻ አላየሁም።

ለምን እንደሆነ በገዛ ዓይናችሁ ለማየት ይህን ሞክሩ። ነጭ ሸክላ ወይም የፕላስቲክ ክዳን ላይ ከኤክስኤፍ-3፣ ማለትም ከደብዛዛው ቢጫ፣ ጥቂት ጠብታ አድርጉ። በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ብቻ ጥቁር፣ ኤክስኤፍ-1፣ ንኩና አማስሉት። መጀመሪያ የጥቁሩ ክር ቢጫው ውስጥ ይጠመዘዛል። ከዚያ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ማለት ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ ጠቅላላው የወታደር አረንጓዴ ይሆናል፤ አንድ ጠብታ አረንጓዴ ሳይገባበት! ጥቁሩ ስስ ሲሆን ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ነው። የዱሮው የአሜሪካ ጦር ኦሊቭ ድራብም በመሠረቱ የቢጫ አፈርና የጥቁር ቅይጥ ነበር። ይህን አንዴ ያየ ሰው ኦሊቭ ድራብ ሲያስተካክል አረንጓዴ ጠርሙስ ፍለጋ አይሄድም። ቡናማ በዛ ካለ ቢጫና ትንሽ ጥቁር ይጨምራል። ደማቅ ሆነ ካለ ጥቁሩን ብቻ ይነካል።

የማቅለሉ ነገር ሌላ ብልሃት ይፈልጋል። ኦሊቭ ድራብ ላይ ነጭ ስትጨምሩ ይነጣል፣ ግን ሕይወቱ ይሄዳል፤ ኖራ የነካው ግድግዳ ይመስላል። እኔ ነጩን ከጠረጴዛዬ አርቄዋለሁ። በእሱ ፋንታ ኤክስኤፍ-57 በፍ (ፈዛዛ ቢጫማ ቡናማ) ወይም ኤክስኤፍ-60 ጥቁር ቢጫ እጨምራለሁ። ሁለቱም ሙቀት ያላቸው ቀለሞች ናቸው፤ አረንጓዴውን ሲያፈኩት አያገረጡትም። ለሂዩይ የማዘወትረው ስድስት ጠብታ ኤክስኤፍ-62፣ ሁለት ጠብታ በፍ፣ አንድ ጠብታ ቢጫ ነው። ፀሐይ የመታው ጣሪያና የጅራት አናት ላይ ለሁለተኛ ዙር ስነፋ በፉን አበዛዋለሁ።

ለአፓቺ በተቃራኒው ነው የምሄደው። ኤክስኤፍ-62 ላይ ኤክስኤፍ-61 ጥቁር አረንጓዴ፣ ከዚያ ኤክስኤፍ-69 ናቶ ብላክ በጥቂቱ። ናቶ ብላክ ስሙ ጥቁር ይሁን እንጂ በጣም የጠቆረ ግራጫ ነው፤ ስለዚህ ቅይጡን አያፍነውም። የሮተር ምላጮቹንም ስቀባ እሱን ነው የማነሳው። ሞዴል ላይ ድፍን ጥቁር የተቀባ ምላጭ ቅርጹ ይጠፋል። ናቶ ብላክ ላይ ግን ጥላው ይታያል፣ አሸዋ የበላው የፊት ጠርዝም ብረት ሲነካ ያምራል።

ታሚያ ለኤርብራሽ ነው። በራሱ ቲነር (ማቅጠኛ)፣ ኤክስ-20ኤ በሚባለው፣ እኩል በእኩል ወይም ቲነሩን ትንሽ አብዝታችሁ አቅጥኑት። 15 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ግፊት ይበቃዋል። ቲነሩ አልኮል ስላለበት መስኮት ክፈቱ፣ ማስክም አድርጉ። ሰፊ ቦታ በብሩሽ ለመቀባት ካሰባችሁ ግን ሌላ ፈልጉ። ሁለተኛው ዙር ከሥር ያለውን ሊያነሳው ይችላል።

ሌላ የምትፈልጉት ቫሌሆ ነው። በውሃ የሚሠራ ነው፣ ሽታው አያስቸግርም፣ በብሩሽ ሲቀባ ይታዘዛል። ጠርሙሱ ጠብታ እያንጠባጠበ ስለሚያወጣ መቁጠር ቀላል ነው፤ ለዛሬው ያገኛችሁትን ቅይጥ ነገም ታገኙታላችሁ። በዚህ ታሚያን ይበልጠዋል። የታሚያን ክዳን ስትከፍቱ ጠብታ ለመቁጠር ፒፔት (መምጠጫ ቱቦ) ያስፈልጋችኋል። ቫሌሆ ከመጠቀማችሁ በፊት ግን በደንብ ናጡት፤ ዱቄቱ ከሥር ይዘቅጣል። የማይዝግ ትንሽ የብረት ኳስ ጠርሙሱ ውስጥ መክተት ይረዳል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ፕላስቲክ ላይ በቀጥታ አጥብቆ ስለማይይዝ ፕራይመር፣ ማለትም ከሥር የሚቀባ መሠረት ቀለም፣ ግዴታ ነው። ያለዚያ ማስኪንግ ቴፑን (የማይቀባውን ቦታ የሚሸፍነውን ፕላስተር) ስታነሱ ቀለሙም አብሮ ይነሳል። ሁለተኛ፣ ቫሌሆንና የታሚያን ቲነር በአንድ ኩባያ አታገናኙ። ወዲያው ይቋጥራል። ኩባያው ውስጥ የነበረው ቀለም ጓጉሎ ከግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ የኤርብራሹን አፍ ካገኘው ደግሞ ከሰዓት በኋላችሁ አለቀ። ለእኔ ቫሌሆ የኮክፒት ቀለም ነው። አካሉን በታሚያ እነፋለሁ፣ ውስጡን፣ መቀመጫውንና አብራሪዎቹን በቫሌሆ እቀባለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ቅይጡ መመሳሰሉን ወደማወቁ። ታላቅ ወንድሜ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። ሞዴል አይወድም፤ ለትንሽ ነገር ይህ ሁሉ ድካም ምንድነው ይላል። ግን የቀለም ዓይን አለው። መብራት ሥር ናሙና እያየሁ ደርሶብኝ «አንተ፣ አምፖል ነው እንዴ የምትቀባው? ወደ መስኮት ውሰደው» አለኝ። ወሰድኩት። መብራት ሥር መንታ የመሰሉት ሁለት አረንጓዴዎች መስኮቱ ጋ ሲደርሱ አንዱ ቡናማ፣ ሌላው ጥርት ያለ አረንጓዴ ሆኑ። ሁለት ቅይጦች ከተለያየ ዱቄት ከተሠሩ በአንዱ ብርሃን ሊመሳሰሉ፣ በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ቢያንስ በሁለት ብርሃን እዩ፤ አንዱ ከመስኮት የሚገባ የቀን ብርሃን ይሁን፣ ቀጥታ ፀሐይ ግን አይሁን። ሌላው ሞዴሉ በመጨረሻ የሚቀመጥበት ቦታ ያለው ብርሃን ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ እኔ ለመደርደሪያው አደላለሁ። ሞዴሉ የሚኖረው እዚያ ነው።

ናሙናውን የምነፋው የፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ነው። ጎባጣ ስለሆነ የሄሊኮፕተሩን አፍንጫ ይተካል፤ ብርሃኑም በአንድ ጎኑ ደምቆ በሌላው ይጠቁራል። ግማሹን ግራጫ፣ ግማሹን ጥቁር ፕራይመር አደርጋለሁ። ስስ ቀለም ከሥሩ ያለውን ያሳያል፤ ያው ቅይጥ ጥቁሩ ላይ ጠልቆ፣ ግራጫው ላይ ፈክቶ ይወጣል። ሲደርቅ ደብዛዛ ክሊር አለብሰዋለሁ። ፍርዱ ከዚያ በኋላ ነው። የሚያብረቀርቅ ክሊር ቀለሙን ያጠልቀዋል፣ ደብዛዛው ያፈካዋል፤ በመሃሉ ላይ የምታዩት ሁሉ ያታልላል። ለዲካል (በውሃ ተነክሮ ለሚለጠፈው ምልክት) ብላችሁ የሚያብረቀርቀውን ስትነፉ «ኧረ ጠቆረብኝ» ብላችሁ አትደንግጡ።

አንድ ተጨማሪ ዘዴ አለ። ግራጫ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብሱ። በአንዱ ናሙናውን፣ በሌላው የምታመሳስሉትን የስታንዳርዱን የቀለም ካርድ እዩ። ዓይን ዙሪያውን ሲያይ ይሸወዳል፤ ቀይ ነገር አጠገብ ያለ አረንጓዴ ይበልጥ አረንጓዴ ይመስላል። ቀዳዳው ዙሪያውን ይቆርጥላችኋል።

ስለ መጠን ብዙ ይባላል። ሞዴል ትንሽ ስለሆነ ቀለሙም መፍካት አለበት የሚሉ አሉ፤ ከሩቅ የሚታይ ነገር በአየር ምክንያት ስለሚገረጣ። ለ1/48 (ከእውነተኛው 48 ጊዜ ላነሰ ሞዴል) አሥር በመቶ፣ ለ1/72 አሥራ አምስት በመቶ ነጭ ጨምሩ የሚል ቀመር ሲዞር ታያላችሁ። መፍካቱን እቀበላለሁ፤ 34031 የተቀባ የ1/72 አፓቺ እንዳለ ከተተወ ክፍል ውስጥ ጥቁር ነው የሚመስለው። ቀመሩን ግን አልቀበልም። ነጩ የሚያመጣውን ጣጣ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። የበሩ መስመሮች ከአንድ ክንድ ርቀት እስኪታዩ ድረስ በፍ መጨመር ይበቃል።

ሚ-24 የመጣ ዕለት ደግሞ ይህ ሁሉ የኤፍኤስ ወሬ ዋጋ ያጣል። በ1969 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የበረረ የሶቪየት ሄሊኮፕተር ነው፤ የአሜሪካ ካርድ ላይ ልክ የሆነ ቁጥሩን መፈለግ ድካም ነው። የተለመደው አቀባቡ ከላይ አሸዋማና አረንጓዴ፣ ከሆዱ ፈካ ያለ ሰማያዊ ግራጫ ነው። አፍጋኒስታን የዋሉት ፀሐይ በልቷቸው ሁለቱ የላይ ቀለሞች ተቀራርበው ይታያሉ። እዚህ ላይ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው ማመሳሰል አያዋጣም። ልዩነታቸውን ነው ማመሳሰል። ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት፤ የናሙናችሁንም ፎቶ እንዲሁ። አሸዋማው ከአረንጓዴው በፎቶው ላይ ያለውን ያህል ብቻ ከፈካ፣ ሁለቱም ትንሽ ቢስቱ እንኳ ሄሊኮፕተሩ ሚ-24 ይመስላል። ኮክፒቱን በዚያ በሚታወቀው ቱርኩዊዝ (ሰማያዊ አረንጓዴ) ቀለም ስቀባ ወደ ቫሌሆ እመለሳለሁ፤ በብሩሽ የሚቀባ ጠባብ ቦታ ነውና።

እንግዲህ ምን ትገዛላችሁ? አንድ ሂዩይ ብቻ ሠርታችሁ የምታቆሙ ከሆነ ኤች 304 ገዝታችሁ ተገላገሉ። ኤርብራሽ ከሌላችሁ ቫሌሆና ጥሩ ፕራይመር። ሄሊኮፕተር ከያዛችሁ ግን፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም፣ የታሚያን ኤክስኤፍ-62፣ 61፣ 69፣ 60፣ 57፣ 3 እና 1 ያዙ። በእነዚህ ሰባት ጠርሙሶች ያልወጣልኝ የአሜሪካ ጦር አረንጓዴ የለም።

ቅይጡ ሲያምርላችሁ ከሚያስፈልጋችሁ አብዝታችሁ ሥሩ። የተረፈውን ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩና ክዳኑ ላይ ከራሱ ከቀለሙ አንድ ነጥብ ንኩ፣ የጠብታውንም ቁጥር ጻፉበት። የሂዩይ ማረፊያ ስኪድ ሞዴሉን ባነሳችሁ ቁጥር መሰበር ይወዳል፤ አንቴናውም እንዲሁ። ያን ጊዜ ያው ቀለም ያስፈልጋችኋል።